ከኢሻ በኋላ የሚመጣው እንግዳ



በዚህ ወር ልናወጋችሁ የመረጥነው ስለ ጅብ ነው። «ደግሞ ጅብ በቤተሰብ መጽሔት ላይ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም ብንሆን በአረፋ በዓል ሰሞን በሠፈራችን የደረሰው ነገር ባይኖር ኖሮ ብዕራችንን ለጅብ አናነሳም ነበር። የሐዋሳ ልጆች በሐይቁ ዳር ጦጣ ከእጃቸው ሙዝ እየነጠቀቻቸው ነው ያደጉት። የአርባ ምንጭ ሰውም ስለ አዞ ቢያወራ የሚደነቅ የለም። እኛ አዲስ አበቤዎች ግን ከዱር አውሬ ጋር የሚያገናኘን ነገር ያለ አይመስለንም። በልጅነታችን ያየነው አንበሳ በስድስት ኪሎ ግቢ፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ የተኛ ነበር።

ሠፈራችን በኮልፌ በኩል ከኮረብታው ሥር ነው። ሌሊት ሌሊት የጅብ ጩኸት መስማት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ልጅ ሆነን እናታችን «ዝም ካላልክ ለእሱ ነው የምሰጥህ» ትለን ነበር። መስማት ግን አንድ ነገር ነው፣ መገናኘት ሌላ።

የአረፋ ሁለተኛ ቀን ማታ ነበር። ኢሻን ሰግደን ከጎረቤታችን ከሐጂ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ መብራት ጠፍቷል። ሐጂ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከመስጊድ እስከ ቤታቸው ያለውን መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያውቁት ሰው ናቸው። ከሱቆቹ ፊት ለፊት ካለው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ስንደርስ አንድ ነገር ሲጎተት ሰማን። የእጅ ባትሪያችንን አበራን። ትልቅ ውሻ መሰለን። ቆየት ብለን ስናይ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ አንገቱ ወፍራም ነው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ሐጂ ክንዳችንን ጭምድድ አድርገው ያዙና «ኡስታዝ፣ ውሻ ነው በለኝ» አሉን። ውሻ አልነበረም።

በአፉ የበግ ጭንቅላት ይዟል። ዓይኖቹ በባትሪው ብርሃን አረንጓዴ ሆነው አበሩ። እኛ ቆምን፤ እሱም ቆመ። ሁለት ጊዜ «ሱብሐነላህ» እስኪባል ድረስ ያህል ብቻ ቢሆን ነው፤ ለእኛ ግን ረዥም ነበር። ከዚያ ያለ ምንም ችኮላ፣ የራሱን ዕቃ ይዞ እንደሚሄድ ሰው፣ ወደ ቦዩ ወርዶ ጠፋ። በማግስቱ ለሠፈሩ ልጆች ስናወራው ጅቡ በእያንዳንዱ ወሬ እየጨመረ ግመል ሊያህል ምንም አልቀረውም፤ ይህንንም አንደብቃችሁም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የቡና ላይ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን በሦስተኛው ሌሊት አንድ ልጅ ተነከሰ።

ልጁ ከገጠር የመጣ ሊስትሮ ነው፤ ዕድሜው አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከመግሪብ በኋላ በመድረሳችን ውስጥ ከትንንሾቹ ጋር ተቀምጦ ይቀራል። ከአሊፍ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ አጫጭር ሱራዎች ጋ የደረሰ ጎበዝ ልጅ ነው። ያን ሌሊት ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ማዳበሪያ አንጥፎ፣ ሣጥኑን ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። በረንዳው ከቆሻሻ ገንዳው ሃያ እርምጃ አይርቅም። ጅቡ እግሩን ይዞ ሲጎትተው ጮኸ። የመስጊዱ ዘበኛ ውሻ ቀድማ ደረሰች፤ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ተከተላት። ጅቡ ለቆት ሸሸ። ልጁን ተሸክመን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ቁስሉ ታጠበ፣ ተሰፋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትም ተጀመረለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ልጁ የት እንደሚያድር ያወቅነው በዚያ ሌሊት ነው። ለወራት ፊታችን ተቀምጦ ቁርኣን ሲቀራ «ዛሬ ተጅዊድህ ተበላሸ» ብለነዋል፣ «አርፍደሃል» ብለን ተቆጥተነዋል። የት እንደሚያድር ግን አንድ ቀን አልጠየቅነውም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርድ የምታወጣው እህት «አድራሻው የት ነው?» ስትለን አፋችንን ይዘን ቀረን።

በእሑዱ የእድር ስብሰባ ላይ ሌላ ጉዳይ አልተነሳም። ሠፈሩ ተቆጥቷል፤ ቁጣውም አግባብ ነበረው። አንዱ «መሣሪያ ያለው ይተኩስ» አለ። ሌላው «ለመንግሥት እናመልክት» አለ። ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ ተነሥቶ «ይህን ያህል ምን ያነጋግራል? የአረፋው ሥጋ ትርፍራፊ አለ፤ መርዝ እኔ አመጣለሁ፤ በአንድ ሌሊት ይለቃል» ሲል ብዙ ሰው በጭብጨባ ደገፈው። ሐጂ ወደ እኛ ዞሩና «ኡስታዝ፣ አንተ የሁለቱንም ትምህርት ተምረሃል፤ ሸሪዓውስ፣ ሳይንሱስ ምን ይላል?» አሉን። በጉባኤ ፊት ያልተዘጋጀንበትን መናገር አልፈለግንም። እስከ ሚቀጥለው እሑድ ጊዜ ስጡን አልን። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ሐጂ ግን «ይሰጠው» አሉ፤ ተሰጠን።

መጀመሪያ ወደ ኪታቦቻችን ተመለስን። ጅብ በፊቅህ ውስጥ ስሙ በግልጽ የተነሳ እንስሳ ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ በዘገቡት ሐዲስ፣ ጃቢር ቢን ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ጅብ ከሚታደኑ እንስሳት የሚቆጠር መሆኑን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምተው ያስተላለፉ ሲሆን፣ በኢሕራም ላይ ሆኖ ጅብ የገደለ ሰው ካሳው አንድ በግ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሻፊዒይ መዝሀብ ሥጋውን ይፈቅዳል፤ የሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ባለ ክራንቻ አውሬ በመሆኑ ይከለክላል። (ይህን ለሐጂ ስንነግራቸው «ይበላል የሚለውን ለልጆቹ እንዳትነግራቸው» ብለው ሳቁ።) የእኛ ጉዳይ ግን መብላቱ አልነበረም። በሐረም ክልል እንኳ እንዲገደሉ የተፈቀዱት አምስት ጎጂ ፍጥረታት ተለይተው ይታወቃሉ፤ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጊንጥ፣ አይጥና ተናካሽ ውሻ ናቸው። ጅብ በስም ከእነዚህ ውስጥ አልተጠቀሰም፤ ጭራሽ የገደለው ካሳ እንዲከፍል ተደርጓል። ሰው ላይ የመጣን አውሬ ራስን ለመከላከል መግደል የሚያከራክር አይደለም። ማን እንደሚበላው የማይታወቅ መርዝ መንገድ ላይ መበተን ግን ከዚያ ጋር አንድ አይደለም።

ከኪታቡ ቀጥሎ ወደ ተመራማሪዎቹ ዞርን። ለመሆኑ ጅብን ምን ያህል እናውቀዋለን? በመልኩ ውሻ ቢመስልም በዘሩ ለድመት ወገን ይቀርባል። መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት፤ ከወንዱም ትገዝፋለች። ግልገሎቿ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ይጠባሉ። «ጅብ አንድ ዓመት ወንድ፣ አንድ ዓመት ሴት ይሆናል» የሚለው የጥንት ሰዎች ወሬ መነሻው የሁለቱ ፆታ አካል ለዓይን እጅግ የሚመሳሰል መሆኑ ነው። አጥንት አድቅቆ ይፈጫል፤ ኩሱ ነጭ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

በጣም ያስገረመን ግን በአገራችን ሰዎች የተሠሩት ጥናቶች ናቸው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በትግራይ ክርስቲያኖች ሁዳዴን ሲጾሙ፣ ማለትም ልኳንዳው ሲዘጋና አጥንትና ሆድ ዕቃ ከመንገድ ሲጠፋ፣ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን እንደሚዞሩ አሳይተዋል። ጾሙ ሲፈታ ተመልሰው ወደ ትርፍራፊው። ጅብ የእኛን የበዓል አቆጣጠር ከእኛ ባልተናነሰ ያውቃል ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በመቀሌና በዙሪያዋ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳና ሥጋ ነክ ቆሻሻ እንደሚያነሱ፣ በዚህም በየዓመቱ 5 ሰዎችንና 140 የቤት እንስሳትን ከአባ ሰንጋና ከከብት ነቀርሳ እንደሚያድኑ ገምቷል። ለማንም ደመወዝ ሳያስከፍሉ!

ይህን ስናነብ የገንዳው ነገር ትዝ አለን። በዚያ የአረፋ ሰሞን ገንዳው ውስጥ ምን ነበር? የሠፈሩ የኡድሒያ ጭንቅላት፣ ፈርስና ሆድ ዕቃ። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ገዢ ያጣው ቆዳም ተጨምሮበታል። ሥጋውን ሦስት ቦታ ከፍለን ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለድሃ ሰጥተናል፤ የቀረውን ገንዳ ውስጥ ጥለናል። በፋሲካና በገና ጎረቤቶቻችንም ይህንኑ ያደርጋሉ። ጅቡን ማን ጠራው ብለን ስንጠይቅ መልሱ ወደ ራሳችን ደጃፍ መለሰን።

ሐሙስ ዕለት የሥራ ባልደረባችን እህት ኒካሕ ሐረር ላይ ስለነበር፣ ይህንኑ ሐሳብ ተሸክመን ሄድን። ጅብን ለማወቅ ለፈለገ ሰው ከሐረር የተሻለ መድረሳ የት ይገኛል? ጀጎል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ቢን ሙጃሂድ ዘመን የታጠረ ነው፤ 48 ሄክታር በማይበልጥ ስፍራ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ቦታዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ግንቡ ለሰው ከተከፈቱት አምስት የጥንት በሮች ሌላ፣ ከታች ከመሬት ጋር የተያያዙ ቀዳዳዎች ያሉት መሆኑ ነው። በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጠላት እንዳይገባ ግንብ የገነባች ከተማ ለጅብ በር አልነፈገችም።

ቱሪስት የሚያየው ከግንቡ ውጭ ያለውን ትርኢት ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ በስማቸው እየጠራ ሥጋ በዘንግ ያጎርሳቸዋል። ይህ ልማድ የተጀመረው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው፤ የሚያስቡትን ያህል የጥንት አይደለም። እኛም አየነው፤ ያስደንቃል። ይበልጥ የያዘን ግን ከዚያ በኋላ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት አልፎ፣ ከሠርጉ ቤት ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ያጋጠመን ነው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ከፊታችን አንድ ጅብ መጣ። ልባችን ወደ ኮልፌው ገንዳ በረረ። አብሮን ያለው የሙሽራዋ ወንድም ግን ከግድግዳው ተጠግቶ «ወደዚህ ጠጋ በሉ፣ ያልፋል» አለን። ተጠጋን፤ አለፈ። ወዲያውም ልጁ ያቋረጠውን የኳስ ወሬ ቀጠለ። እኛ ግን ኳሱን መስማት አልቻልንም።

በማግስቱ የሙሽራዋን አያት ነደባው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸውና ጠየቅናቸው። «እናታችን፣ አትፈሩትም?» ብንላቸው፣ «ልጆቹን ከመግሪብ በኋላ እናስገባለን፤ እሱ ደግሞ ከሰው ኋላ ይመጣል። መንገዱን ያጸዳል፣ ጂኑንም ይበላል፣ ይሄዳል» አሉን። ከዚያም በዐሹራ ቀን ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ተሠርቶ ለጅቦቹ እንደሚቀርብ፣ ጥንት በክፉ የረሃብ ዘመን ጅብ ሰው መብላት ሲጀምር አውሊያዎች በሐኪም ተራራ ተሰብስበው ከጅቦቹ ጋር እንደተስማሙ፣ ገንፎው በደንብ ከተበላ ዓመቱ መልካም ይሆናል እንደሚባልም አጫወቱን።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት መናገር ይገባናል፤ የሐረር ወንድሞቻችን አይቀየሙን። ጅብ ጂን ይበላል የሚለውንም ሆነ አንድ እንስሳ በበላው መጠን የሚመጣውን ዓመት መተንበይን የተማርንባቸው ኪታቦች አይደግፉም፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በወፍ በረራ ገድ ማየትን ከልክለዋል፤ የጅብ አበላልም ከዚህ አይለይም። ይህን ለእናታችን በትሕትና ብንነግራቸው «አንተ ተማርክ፤ እኔ ግን ገንፎውን አላቆምም» ብለው ሳቁብን። ገዱን እንተወውና፣ የቀረው ነገራቸው ግን ከእኛ ሠፈር የበለጠ ብልሃት ያለበት ሆኖ አገኘነው። ለአውሬው መግቢያና መውጫ አለው፣ ሰዓት አለው። ልጆችም የት እንደሚያድሩ ይታወቃል። ማርከስ ቤይንስ-ሮክ የተባለ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ሌሊት ሌሊት ጅቦቹን በየጠባቡ መንገድ እየተከተለ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሐረር ጅቦች መጽሐፍ አሳትሟል። አገር አቋርጦ መጥቶ የተማረውን እኛ በአንድ አውቶቡስ ርቀት ላይ ሆነን ሳንጠይቅ ኖረናል።

በሐረር ሌላም የሰማነው ነገር አለ። በምሥራቁ በኩል፣ በሶማሌላንድ አድርገው በድብቅ ወደ ባሕር ማዶ የሚሻገሩ እንስሳት አሉ፤ ከሁሉ የሚበዙት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ናቸው። ከእናታቸው ተነጥቀው በሣጥንና በጆንያ ሲጓዙ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ፤ ከሞት የተረፉት በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለጸጎች ግቢ ጌጥ ይሆናሉ። በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ አቦ ሸማኔ 7,000 ገደማ ብቻ ነው። ከአስተላላፊዎች እጅ የተያዙ ግልገሎች የሚያድጉበት ማዕከል በሐርጌሳ አቅራቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በዶሓ አውራ ጎዳና ላይ በመኪኖች መካከል የሚሮጥ ነብር ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ደግሞ በኩዌት ከቤት ያመለጠች አንበሳ በአንዲት ሴት ታቅፋ ስትመለስ ዓለም በቪዲዮ ተመለከተ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከ2017 ጀምሮ ግለሰቦች አደገኛ አውሬ በቤት እንዳይዙ በሕግ ከልክላለች፤ ይዞ አደባባይ የወጣም እስከ 500,000 ድርሃም ይቀጣል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዷ ለሥራ በሄደችበት ቤት የአንበሳ ደቦል ያለበትን ክፍል እንድታጸዳ ታዛ ነበር። ሥራውን የተወችው ደቦሉ ሲያድግ ነው። በስልክ ስታጫውተን፣ «ኡስታዝ፣ እኔ ጥፍሩን ነበር የምፈራው፤ ማታ ማታ ሲያለቅስ ግን እኔም አብሬው አለቅሳለሁ። ሁለታችንም ከአገራችን ወጥተናል» ብላናለች። የኮልፌው ጅብ ቢያንስ በራሱ እግር መጥቶ በራሱ እግር ይሄዳል። አንዲት ሴት ድመት አሥራ፣ ሳትመግባት፣ የምድርን ነፍሳት እንኳ እንድትበላ ሳትለቃት በመቅረቷ የተቀጣችበትን ሐዲስ ሁላችንም ለልጆቻችን እንነግራለን። ሰንሰለቱ ወርቅ ቢሆን የሚለወጥ ነገር ያለ አይመስለንም።

ቅዳሜ ማታ ሠፈራችን ስንገባ ያገኘን ወሬ አጥንታችንን ሰበረው። ቀጠሮው ሳይደርስ ሐሙስ ሌሊት መርዙ ተጥሏል። ዓርብ ጠዋት ሦስት ውሾችና ሁለት ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኙ። ከውሾቹ አንዷ ያችው ለልጁ ቀድማ የደረሰችው የዘበኛው ውሻ ነበረች። ጅብ አልሞተም፤ ዓርብ ሌሊትም እንደ ወትሮው ጮኸ። መርዙን ማን እንደጣለው ሠፈሩ ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን። ሰውየው እሑድ ስብሰባው ላይ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ አንገቱን ደፍቶ ነበርና በጉባኤ ፊት አልነካነውም። ዘበኛው ግን አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ልጆቻችሁ ቢያነሱትስ?» አለ። የሚመልስለት አልተገኘም።

እኛም ያመጣነውን ተናገርን። ከአንዓም ምዕራፍ 38ኛውን አንቀጽ አስታወስን፤ በምድር የሚሄዱትና በክንፍ የሚበሩት ሁሉ እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን የሚያስገነዝበውን። ስለ ገንዳውና ስለ መቀሌው ጥናትም አወራን። የጅብን ሐዲስ ያስተላለፉት እኚሁ ጃቢር (ረ.ዐ.)፣ ሲመሽ ልጆችን ማስገባትና በሮችን በአላህ ስም መዝጋት የታዘዘበትን ሐዲስም አስተላልፈዋል። በሐዲሱ ምክንያቱ ሸይጣናት የሚሠማሩበት ሰዓት መሆኑ ነው፤ ትእዛዙን የያዘ ቤት ግን ከጅብም ይድናል። አንድ ጎረቤታችን «ኡስታዝ የጅብ ጠበቃ ሆነው ከሐረር መጡ» ብሎ አሳቀብን፤ ቅር አላለንም።

እንዲሁ ስንነጋገር ሐጂ ተነሡና «ጅቡን ተዉት። ልጁ የት ነው ያለው?» አሉ።

ልጁ በዘበኛው ጎጆ ውስጥ፣ እግሩ ታስሮ ተኝቶ ነበር። ለሳምንት ያህል ሦስት ሰዓት ስለ ጅብ ስንከራከር ስሙን ያነሳ ሰው አለመኖሩ ያን ጊዜ ነው የታወቀን። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ብዙ አልቆየም። የመድረሳው የኋላ ክፍል፣ አሮጌ ወንበር የሚከማችበት፣ እንዲጸዳ ተወሰነ። አሁን ልጁና ሌሎች አራት ጓደኞቹ እዚያ ያድራሉ፤ ፍራሹን የሠፈሩ እናቶች አዋጥተው ሰጡ። ገንዳው ከሱቆቹ ፊት ተነሥቶ ሰው ወደማያድርበት ወደ ቦዩ ማዶ ተወሰደ። ለሚቀጥለው አረፋ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሆድ ዕቃው እንዲቀበር ወጣቶቹ ቃል ገብተዋል፤ ቃሉ ይጠበቅ እንደሆን በዓሉ ሲደርስ እናያለን። ገንዘቡን ማን ያዋጣል በሚለው ገና አልተስማሙም።

አንባቢያን በጅብ ሠፈር የምትኖሩ እንደሆነ ከጤና ባለሙያዎችና ከሐረር ሰዎች ያገኘነውን እንንገራችሁ። ጅብ በድንገት ቢገጥማችሁ አትሩጡ፤ ሩጫ አዳኙን ይጠራዋል። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ፣ ባትሪ ካላችሁ አብርታችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ መውጫውንም አትዝጉበት። ሕፃን ብቻውን በጨለማ አይላክ፣ ማንም ሰው ደጅ አይተኛ። በጠራራ ፀሐይ ሰው ሳይፈራ የሚመጣ ጅብ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላልና ራቁት፤ ለሚመለከተው አካልም ንገሩ። የነከሰ እንደሆነ ቁስሉን ቢያንስ ለሩብ ሰዓት በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ድርጅት ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መቆየት አያዋጣም፤ በሽታው አንዴ ምልክቱ ከታየ መድኃኒት የለውም።

ልጁ ትንሽ ያነክሳል፤ ሐኪሙ ይስተካከላል ብሎናል። ሱረቱ ተባረክን ጀምሯል። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ከቂራአቱ በኋላ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ሳለ ከኮረብታው በኩል ጮኸ። ትንንሾቹ ተጠጉብን። ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠና፣ «ኡስታዝ፣ የኔው ነው? ወይስ ሌላ ነው?» አለን። አናውቅም አልነው። «የኔው ከሆነ ርቦታል» አለና ተነሥቶ የበሩን መሸንጎሪያ አጥብቆ ዘጋው።